ከወገብ ዝቅ ብሎ

«አባትሽ ከእኛ ጋር ማዕድ መቀመጥ ተጠይፈዋል» አለ የልጃቸው ባል። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ማለቱን ልብ አላለም። «ይኸው ሦስተኛ ሳምንታቸው፤ ቁርሱንም ቆመው፣ እራቱንም ቆመው። ክፍሉን ስላስለቀቅናቸው ነው፤ እኔን ማን ያታልለኛል? ቅር ካላቸው ይናገሩ እንጂ፣ በሰው ቤት እንደ ዘበኛ ግድግዳ ተደግፎ መብላት ምን የሚሉት ነው!»

አባትየው ይህን ሁሉ የሰሙት ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ በአንድ እጃቸው ሻይ፣ በሌላው ዳቦ ይዘው፣ ክርናቸውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፈው ቆመዋል። እስቲ አሁን ዳቦውን ቆሞ የበላ ሁሉ አኩራፊ ነው? ክፍሉንማ ከረሱት ቆዩ። እርግጥ ነው፣ ከሁለት ወር በፊት አማቻቸው «ቤት ሆኜ የምሠራበት ጠረጴዛ ማስገቢያ አጣሁ» ብሎ፣ ሰፊውን ክፍል ለቀው ከወጥ ቤቱ ጎን ወዳለችው ጠባብ ክፍል ገብተዋል። አልጋና ቁም ሳጥን ከገቡባት በኋላ የምትተርፈው ቦታ ለአንድ ሰው መዞሪያ ብቻ ናት። እሳቸው ግን ያኔም «እኔ ማደሪያ ነው እንጂ መጨፈሪያ አልፈልግ» ብለው ስቀው ነበር። ሳቃቸውን ማንም አላስታወሰላቸውም። «በሰው ቤት» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ግን ዳቦውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡት። ከእሷም ይልቅ የባሰባቸው የልጃቸው መልስ ነው። «ቀስ በል፣ ይሰማሃል» ነው ያለችው። «አባቴ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም» አላለችም።

እውነቱማ ሌላ ነው፤ ሰውየው መቀመጥ አልቻሉም። የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ ጠዋት ገላቸውን ሲታጠቡ ሳሙናው ከእጃቸው አመለጠ፤ እሱን አነሳለሁ ብለው ጎንበስ ሲሉ ደግሞ እግራቸው አመለጠ። በተወለዱበት ልብስ፣ በሙሉ ክብደታቸው፣ የሻወሩን መሬት የከበበችው የሴራሚክ ጠርዝ ላይ በመቀመጫቸው ዘጭ አሉ። ዓይናቸው ጨለመባቸው። ሊጮኹ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ግን ሳሎን ልጃቸውና ባሏ ቴሌቪዥን እያዩ ይስቃሉ፤ ቢጮኹ በሩን ሰብረው ሊገቡ ነው፤ ገብተው ምን ሊያዩ ነው? ስለዚህ ፎጣውን ነክሰው፣ ግድግዳውን ቧጠው ተነሡ፤ ለባበሱና ወጥተው «ውሃው ዛሬ ደኅና ይሞቃል» አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከወገባቸው ዝቅ ብሎ፣ አከርካሪያቸው የሚያልቅበት ጫፍ ላይ፣ እሳት ገብቷል። ሲቆሙ ያንቀላፋል፤ ሲራመዱ ይነቃል፤ ሊቀመጡ ሲሉማ አይጣል ነው! ሰው ከኋላ ሚስማር አቁሞ የሚጠብቃቸው ይመስላቸዋል። ቆመው የሚበሉት ለዚህ ነው፤ በሆዳቸው የሚተኙትም፣ መጸዳጃ ቤት ሲገቡ ውሃውን ከፍተው የሚያቃስቱትም ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን አይናገሩም? ይህን የሚጠይቅ ሰው የስድሳ አንድ ዓመት አባት ሆኖ አያውቅም። «ምንህን ነው?» ሲባል «መቀመጫዬን» ተብሎ ለሴት ልጅ ይመለሳል? ለአማች ይነገራል? ስለዚህ «ወገቤን ትንሽ» ይላሉ። ወገብ ምን ነውር አለበት? ሰው ሁሉ ያመዋል፤ ገበያ መሀል ይዘውት ቢቆሙ ማንም አይስቅም። እሳቸው ደግሞ ድሮም ነገር አብዢ አይደሉም። የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ድርጅት ውስጥ «ጋሽ ዚፕ» የሚሏቸው፣ አንድም ዚፕ በመግጠም የሚደርስባቸው ስለሌለ፣ አንድም አፋቸውን እንዲሁ ግጥም አድርገው ስለሚውሉ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ ሲቀልዱባቸው። ባለቤታቸው ብትኖር ኖሮ ነገሩ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። «ዙርማ ልየው» ትላቸዋለች፤ ይዞራሉ፤ ታያለች፤ መጀመሪያ ትስቅባቸዋለች፣ ቀጥላ ትቆጣቸዋለች፣ ከዚያ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክራ ታደርግላቸዋለች። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የገላቸውን ነገር የሚያውቅላቸው አንድ ሰው ነበራቸው። ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ገላቸው የእሳቸው ብቻ ሆኖ ቀረ።

የዛሬው ቀን ግን በዝምታ የሚታለፍ አልነበረም። ድርጅቱ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሁሉ የሚሠራው ተቀምጦ ነው፤ መደገፊያ በሌላት የእንጨት በርጩማ ላይ፣ በቀን ዘጠኝ ሰዓት። ቁጭ ብሎ የማይሠራ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ጨርቅ ቆራጩ። እሱ በትልቁ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሞ፣ በጠመኔ ምልክት እያደረገ፣ መቀሱን ይዞ ሲዞር ይውላል። ያ ቆራጭ ባለፈው ሳምንት ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ጋሽ ዚፕ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብተው «ጠረጴዛውን ለእኔ ስጠኝ፤ ወገቤን እያመመኝ መቀመጥ አልቻልኩም» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። «ጋሽ ዚፕ፣ እኔ ደስ ይለኛል» አላቸው፤ «ግን ካፖርት ሰፊዋም ጠይቃኛለች። ለእርስዎ እንዲሁ ባደላ ሌሎቹ በቁሜ ይበሉኛል። ሐኪም መቀመጥ የለባቸውም ብሎ ከጻፈልዎት ጠረጴዛው የእርስዎ ነው። እስከ ረቡዕ ከሰዓት እጠብቅዎታለሁ። ካልሆነ ግን፣ አይቀየሙኝና፣ ሥራዎ በግማሽ ቀንሷል፤ በርጩማው ላይ መዋል ካቃተዎት ቤትዎ ቢያርፉ ይሻላል።» ረቡዕ ዛሬ ነው። ቤት ማረፍ ማለት ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ሰፊው ክፍል ውስጥ ጠረጴዛውን ዘርግቶ ከሚሠራው አማች ጎን፣ በዚያች መዞሪያ ብቻ ባላት ክፍል ውስጥ መዋል ማለት ነው። እሱን ሲያስቡት ሕመማቸውን ይረሱታል።

ለሐኪሙ የሚሉትን አዘጋጅተዋል። ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ለመስታወቱ ሁለት ጊዜ ተናግረውታል። «ዶክተር፣ ገላዬን ስታጠብ ወድቄ ነው። የሚያመኝ ወገቤ ሳይሆን መቀመጫዬ ነው።» ወንድ ለወንድ፣ በር ተዘግቶ፣ አንድ ጊዜ ተናግሮ መገላገል ነው። ሻያቸውን ጨልጠው ኮታቸውን ሲያነሡ ልጃቸው ቦርሳዋን አንግታ ብቅ አለች። ትምህርት ቤት መዝገብ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ይህን ጊዜ ወደ ሥራ ወጥታ መሆን ነበረባት።

«ፈቃድ ወስጃለሁ አባባ» አለች። «ለመሥሪያ ቤት የሐኪም ወረቀት ላወጣ ነው ካልክ ጀምሮ አስቤዋለሁ፤ ዛሬ ያንተ ቀን ነው። ብቻህን ሄደህ እንደ ልማድህ ደኅና ነኝ ብለህ ልትመለስ? አውቅሃለሁ እኮ!»

«ኧረ ምን በወጣሽ፣ እኔ ራሴ...»

«አለቀ በቃ። ጫማህን አድርግ።»

ምን ይበሉ? ልጅ ሥራዋን ጥላ አብሬህ ልዋል ስትል «አትምጪ» ይባላል? ደግሞ እውነቱን ለመናገር ደስ አላቸው። ጠዋት ከሰሙት በኋላ ክንዳቸውን ይዛ ደረጃውን ስታወርዳቸው ሆን ብለው እርምጃቸውን አዘገዩ። አውቶቡሱ እንደመጣ ሞልቶ ነበር፤ ጋሽ ዚፕ የላይኛውን ብረት ጨብጠው ተመቻችተው ቆሙ። እንዳለመታደል ሆኖ አንዲት ደግ ተማሪ ብድግ ብላ «አባቴ ይቀመጡ» አለቻቸው። «ግድ የለም የኔ ልጅ፣ እዚሁ ነኝ» ቢሉ፣ «አይሆንም»፤ «ደርሻለሁ» ቢሉ፣ ገና አራት ፌርማታ አለ። በመጨረሻ ልጃቸው ትከሻቸውን በሁለት እጇ ይዛ «ወገብህን እያመመህ ምን ያግደረድርሃል?» ብላ ቁጭ አደረገቻቸው። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ጋሽ ዚፕ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ አንቀው፣ በአንድ ጭናቸው ተንጠልጥለው፣ በየጉድጓዱ እንባቸው እየመጣ ለተማሪዋ ፈገግ አሉላት። ልጃቸው ከላይ ሆና «አየህ፣ ሲቀመጡ እንዴት ይሻላል!» አለች። ተማሪዋ ምርቃት ትጠብቅ ኖሮ «እደጊ» አሏት፤ ድምፃቸው ግን ቀጥኖ ነበር የወጣው።

ክሊኒኩ ካርድ ሃምሳ፣ ምርመራ ሁለት መቶ፣ ራጅ ካስፈለገ አራት መቶ ሃምሳ የሚል ወረቀት መስኮቱ ላይ ለጥፏል። ልጃቸው እሳቸው ቦርሳቸውን እስኪያወጡ ከፍላ ጨረሰች። ወረፋ መጠበቂያው ኮሪደር ግራና ቀኝ ረጅም የእንጨት አግዳሚ ተደርድሮበታል፤ ጋሽ ዚፕ ስለ እሳት ማጥፊያው የተጻፈውን እያነበቡ ቆሙ፤ ሦስት ጊዜ አነበቡት። ወረፋ ያለበት ቦታ ደግሞ ሐኪም ሞልቷል። አጠገባቸው የነበረች ወፍራም ሴት «ወገብ ነው አይደል? ከአቋቋምዎት አወቅኩ» አለችና ብርድ መሆኑን ነገረቻቸው። ከወዲያ ያለው ሰው ደግሞ «ብርድ አይደለም፣ ኩላሊት ነው፤ የኔም አጎት እንዲሁ ወገቤን ወገቤን ሲል...» ብሎ፣ አጎቱ ምን እንደሆነ ሳይናገር ተወው። አንዷ ፍራሹ ነው አለች፣ ሌላው ጨው ማብዛት ነው አለ፤ «የሞባይል ጨረር» ያለም ነበር። አንዲት አሮጊት ብቻ ዝም ብለው ሲመለከቷቸው ቆይተው፣ «ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሏቸው። ወሬ ለማሳመር ነው እንጂ ምንም አያውቁም። ጋሽ ዚፕ ግን ላብ አጠመቃቸው።

ልጃቸው ሳቀች፤ የሰዎቹን ምክር ለሳቸው እያስመሰለች በጆሯቸው ደገመችላቸው። ስታስመስል ልክ እናቷን ናት። ከዚያ ትከሻቸውን ተደግፋ «አባባ፣ እንዲህ ሁለታችን ብቻ ወጥተን የምናውቀው መቼ ነው?» አለቻቸው። አስበው አላገኙትም። ከቀብሩ ወዲህ ሁለቱ ብቻቸውን ሆነው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ባሏ አለ፣ ቴሌቪዥኑ አለ፣ ሥራው አለ። እኒህ አርባ የወረፋ ደቂቃዎች ለጋሽ ዚፕ ከሦስት ሳምንት ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ደጋግ ደቂቃዎች ነበሩ። ስማቸው ሲጠራ ቅር አላቸው። «አንቺ እዚህ ቆይኝ» ሊሉ አፋቸው ጫፍ ደርሶ ነበር፤ እሷ ግን ቀድማ በሩን ከፍታ ገብታለች።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እንቅልፍ የጠገበ አይመስልም። ወንበር አሳያቸው፤ «ቆሜ ይሻለኛል» አሉ። ልጃቸው ዓይኗን ወደ ጣሪያ ላከች። «ይኸው ነው ዶክተር፤ ቤትም እንዲህ ነው።» ሐኪሙ እየጻፈ የወገብ ሕመም መነሻው ብዙ መሆኑን በተለማመደ አንደበት ዘረዘረ፤ የጡንቻ መወጠር ሊሆን ይችላል፣ የዲስክ መንሸራተት፣ የኩላሊት ችግር፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ ለረጅም ሰዓት አንድ ቦታ መቀመጥ ወይም መቆም፣ አደጋ። ቀና አለና «ወድቀው ነበር እንዴ?» አላቸው።

ያቺ የመስታወቷ ዓረፍተ ነገር መጥታ ከንፈራቸው ላይ ቆመች። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ታያቸው፤ የት? እንዴት? ምንዎ ላይ? ልብስዎን ያውልቁ። ልጃቸው በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ኧረ አልወደቀም!» አለች ልጅቱ። «እሱ እኮ ድመት ነው፤ አይወድቅም። ቢወድቅ አንሰማም?»

«ሲቀመጡ ነው ወይስ ሲቆሙ የሚብስብዎት?»

«ስቀ...»

«ሲቆም ነው እንጂ አባባ! ዶክተር፣ እሱ መናገር አይወድም፤ እኔ ልንገርህ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቆሞ ነው የሚበላው፣ ቆሞ ነው ቴሌቪዥን የሚያየው። ቁጭ በል ብለን ብንለምነው አሻፈረኝ። ታዲያ እንደ ግንድ ተገትሮ የሚውል ሰው ወገቡን እንዴት አያመው?»

ሐኪሙ ወደ ሰውየው ተመለከተ። ጋሽ ዚፕ ልጃቸውን አዩ። በዓይኗ ውስጥ ተንኮል የለም፤ ፍቅርና ጥድፊያ ብቻ ነው ያለው። «እንደሷ ነው» አሉ። ሐኪሙ ሸሚዛቸውን እንዲያነሡ ነገራቸው፤ ከትከሻቸው ሥር ጀምሮ በአውራ ጣቱ እየተጫነ አንድ በአንድ ወረደ። «እዚህ? እዚህስ?» ጋሽ ዚፕ ትንፋሻቸውን ይዘው ጣቱን ይቆጥራሉ። ቀበቶው ጋ ደረሰና ቆመ። ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ቢል ነገሩ ሁሉ ያልቅ ነበር። «ራጅ ተነሥተው ይምጡ» አለና እጁን ታጠበ።

የራጅ ክፍሉ ውስጥ ልጃቸው አልገባችም፤ ጨረር ስላለ አይፈቀድም። አሁን ብቻቸውን ናቸው። ግን ራጅ አንሺዋ የልጃቸው እኩያ የምትሆን ሴት ሆና ቆየቻቸው። በቀዝቃዛው ብረት ላይ በጀርባቸው አስተኛቻቸው፤ እሳቱ ተነሣ፤ ጥርሳቸውን ነከሱ። «ወገብ ነው የታዘዘው፤ እዚህ ጋ ነው አይደል አባቴ?» ብላ በመዳፏ ወገባቸውን ነካች። «አዎ ልጄ፣ እዚያ ጋ ነው» አሉ። ምን ሊሉ ኖሯል? ሰው ሲዋሽ እንኳ ለራሱ የሚጠቅመውን ይዋሻል።

ራጁ ምንም አላሳየም። ሐኪሙ ብርሃኑ ላይ ሰቅሎ «ለዕድሜዎ የሚገርም ወገብ ነው» አለ፤ ልጃቸው አጨበጨበች ማለት ይቻላል። ለመሥሪያ ቤት ወረቀት እንደሚፈልጉ ስትነግረው በሚነበብ ጽሕፈት ጻፈ፣ ማኅተም መታበት። እሷ ኮሪደሩ ላይ እየሄደች ጮክ ብላ አነበበችው። «ረጅም ሰዓት መቆምና ከባድ ነገር ማንሳት የለባቸውም። ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ እንዲሰጣቸው እናሳስባለን።» ጋሽ ዚፕ መሀል መንገድ ላይ ቆሙ። «ደግመሽ አንብቢው» አሏት። ደገመችው። ደስ ብሏት ነው የደገመችው።

እሳቸው ብቻቸውን ቢሆኑ ወረቀቱን ቀደው ይጥሉት ነበር። እሷ ግን ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች፤ «ራሴ ነኝ የምሰጠው፤ አንተማ ኪስህ ውስጥ አስገብተህ ትረሳዋለህ» ብላ እስከ ድርጅቱ ድረስ ሸኘቻቸው። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አነበበ፤ ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ እንደገና አነበበ። «ጋሽ ዚፕ፣ አልገባኝም» አለ። «እርስዎ የለመኑኝ የመቆሚያ ሥራ ነበር። ይሄ ወረቀት እኮ መቆም የለባቸውም ነው የሚለው።»

«ምን? የመቆሚያ?» አለች ልጃቸው። ፊቷ በአንድ ጊዜ ቲማቲም መሰለ። «አባባ! ወገብህን እያመመህ የመቆሚያ ሥራ ጠየቅክ? ኧረ በሞቴ አይስጡት! ቢለምንዎትም አይስጡት።»

ጋሽ ዚፕ የመስኮቱን መጋረጃ ያዩ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ትንሽ ሳቀና «እሺ፣ ሐኪም ያለውን እኔ አልሽርም» አለ። በቅንነት ነው ያለው። እንዲያውም ከመስኮቱ ሥር፣ ብርሃን ያለበት ቦታ እሰጣቸዋለሁ ብሎ፣ ዚፑን ትተው ቁልፍ ብቻ እንዲተክሉ ወሰነላቸው፤ ቁልፍ ተካይ ከበርጩማው መነሣት እንኳ አያስፈልገውም፤ ሁሉንም ያቀርቡለታል። ልጃቸው ስልክ ቁጥሯን ጻፈችለት፤ «እምቢ ካለ ይደውሉልኝ» አለች። ስትሄድ አባቷን ግንባራቸው ላይ ሳመቻቸው። ስማው የማታውቀው ግንባር ነው። በሩ ላይ ሆና እጇን አወዛወዘችላቸው፤ ልቧ ቅቤ ጠጥቷል።

ጋሽ ዚፕ በመስኮቱ ሥር ተቀመጡ። አንድ ሸሚዝ ላይ ስምንት ቁልፍ አለ። አንዱን ሸሚዝ ጨረሱ፣ ሁለተኛውን ጀመሩ። በቀኝ ጭናቸው ተቀመጡ፣ በግራ ቀየሩ፣ ወደፊት ጎንበስ አሉ። አራተኛው ሸሚዝ ላይ መርፌው ታያቸው፣ ቀዳዳው ግን አልታያቸውም። ክፍሉን ቀና ብለው ሲቃኙ ካፖርት ሰፊዋ ትልቁን ጠረጴዛ በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለች ነው። ያኔ ተነሡ። ለስድሳ አንድ ዓመት የያዙትን ሁሉ ይዘው ወደ ቢሮው ሄዱ፣ በሩን ከኋላቸው ዘጉ፣ ቆሙ።

«ወገቤ አይደለም» አሉ። «መቀመጫዬ ነው። ገላዬን ስታጠብ ወድቄ ነው። መቀመጥ ነው የማልችለው፤ መቆምማ ቀኑን ሙሉ ብትለኝ እቆማለሁ።»

ተናገሩት! የማይወጣ የመሰላቸው ቃል እንዲህ በቀላሉ ወጣ። ዓለም አልፈረሰችም፤ ሥራ አስኪያጁም አልሳቀም። ቢስቅ ይሻላቸው ነበር። እስክሪብቶውን አስቀምጦ የሐኪሙን ወረቀት ወደ ፊቱ ሳበ።

«ጋሽ ዚፕ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ባለፈው ሳምንት ወገብ አሉኝ። ዛሬ ሐኪሙም ወገብ አለ፣ ልጅዎም ወገብ አለች፤ እዚሁ ፊቴ ቆመው እርስዎም ዝም አሉ። ጠረጴዛው ለሌላ ሲሰጥ ደግሞ በሽታው ቦታ ለወጠ። እኔ እርስዎን ውሸታም አልልም፤ ግን እስቲ በእኔ ቦታ ሆነው ይዩት።»

በእሱ ቦታ ሆነው አዩት። እሳቸውም ቢሆኑ አያምኑም ነበር። «እውነትህን ነው» ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ሰዓታት በርጩማዋ ላይ ጨረሱ፤ እንዴት እንደጨረሱት ለማንም አልተናገሩም። ጓደኞቻቸው ሲወጡ «ጋሽ ዚፕ፣ ዛሬ ደግሞ ከወትሮው የባሰ ዝም አሉ» ብለው ቀለዱባቸው። ወደ ቤት በእግራቸው ሄዱ። አምስት ፌርማታ ነው፤ በየመንገዱ ግንብ እየያዙ ሄዱ። ሰው ሁሉ በዚያ ሰዓት ወደ አንድ ሰው የሚሄድ መሰላቸው፤ ከረጢት የያዘ፣ በስልክ የሚያወራ፣ የሚጣራ፣ የሚጠሩት። ቤት ሲደርሱ ማንንም ሳያዩ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። መብራቱን አላበሩም፤ ገና አልጨለመም።

ብዙ ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ልጃቸው ናት፤ ስልኳ በእጇ ነው፤ መጀመሪያ ስትገባ ተቆጥታ ነበር።

«ሥራ አስኪያጁ ደውሎልኝ ነበር» አለች። «አባትሽ ሌላ ነገር አመመኝ ይላሉ፤ ልመናቸውን ለማስፈጸም ነው ወይስ እውነት ነው ብሎ ጠየቀኝ። አባባ፣ ሐኪም ፊት ዝም ብለህ፣ እሱ ጋ ሄደህ... እኔን ምን አደረግከኝ?» ቆም አለች። «የሚያምህ የት እንደሆነ ሲነግረኝ አፍሬ ስልኩን ዘጋሁበት። እና... እሱ ያለው ነገር... እውነት ነው?»

ቁም ሳጥኑን ተደግፈው ቆመዋል። አንገታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«ወድቀሃል?»

«ወድቄያለሁ።»

«መቼ?»

«ሦስት ሳምንት ሆነው። እሑድ። እናንተ ቴሌቪዥን እያያችሁ።»

ልጅቱ ስልኳን አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ነገሩ ቀስ እያለ ነው የገባት፤ ፊቷ ላይ ሲገባ ይታያል። «አውቶቡስ ላይ» አለች፣ «ትከሻህን ይዤ... እያመመህ... ደግሞ ትስቅ ነበር እኮ! ሐኪሙ ሲጠይቅህም እኔ ነኝ አፍህን የዘጋሁት።» እንባዋ መጣ፤ ከእንባዋ ጋር ቁጣዋም ተመለሰ። «ለምን አትነግረኝም ግን? ባዳ ነኝ እንዴ? አንድ ልጅህ ነኝ! ከእኔ በላይ ለማን ልትነግር ኖሯል?»

ጋሽ ዚፕ የቁም ሳጥኑን ማዕዘን በአውራ ጣታቸው አሹት።

«እንዲህ ያለውን ለእናትሽ ነበር የምነግረው» አሉ።

ልጅቱ እናቷን መቅበሯን እንጂ አባቷ ሚስታቸውን መቅበራቸውን እስከዚያች ደቂቃ አስባው አታውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያጽናኗት የኖሩት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸውን ማን እንዳጽናና ማንም አልጠየቀም። ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ግን የምትይዘው ቦታ አልመጣላትም። እጇ አየር ላይ ቀረ። እሳቸውም እጇን አዩት እንጂ አልተቀበሏትም፤ እንዴት እንደሚቀበሉት አላወቁም።

«ነገ ጠዋት ተመልሰን እንሄዳለን» አለች በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ብቻህን ትገባለህ። እኔ ደጅ እቆያለሁ።»

«ጠረጴዛው እንኳ ተይዟል።»

«ይያዝ! ሰውነትህ ነው የሚታየው እንጂ ጠረጴዛው ነው እንዴ?»

«እሺ» አሉ። «ደጅ ትቆያለሽ።»

«ደጅ እቆያለሁ።»

ልጅቱ ስልኳን ከአልጋው ላይ አነሣች፤ ወጣች፤ በሩን ድምፅ ሳታሰማ ገጠመችው። ጋሽ ዚፕ እርምጃዋን ሲጠብቁ አልሰሙትም፤ ከበሩ ወዲያ ቆማለች ማለት ነው። ሊጠሯት አሰቡ። ጠርተው ምን እንደሚሏት ሲያስቡ ትንሽ ቆዩ፤ እሷም ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወደ ሳሎን ሄደች።